ሁለተኛው ወረቀት

ዳኛ ሰድቤ ከሜዳ የተባረርኩት ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ጥፋቱ የዳኛው ነበር።

ይህን የምናገረው ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ከመጀመሪያው እንዲታወቅ ነው። ስሜ ካሣዬ ይባላል። ማራኪ አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ቀን ብልቃጥ ሳጥብ እውላለሁ፤ ከሥራ ስወጣ የኮሌጁ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ደጋፊ ነኝ። ልጄ ኤሌኒ ቡድኑ ውስጥ ከመግባቷ ከስድስት ዓመት በፊት ጀምሮ ሲሚንቶው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ስጮህ ነበር። እሷ ስትገባማ ጭራሽ አበድኩ።

ባለቤቴ መንበረ «አንተ ልጅ የወለድከው ለቡድኑ ነው» ትለኛለች። ነርስ ናት፤ የምትሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። ስትቀልድ አትስቅም፤ ስለዚህ ቀልድ መሆኑን የማውቀው ዘግይቼ ነው፤ አንዳንዴም ቀልድ አይደለም።

ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አለኝ። የሰሜን ኮሌጆች ምድብ ስድስት ቡድኖች አሉት፤ የእያንዳንዱን ጨዋታ ውጤት እዚያ ላይ እጽፋለሁ፤ ማን ስንት እንዳገባች፣ ማን ስንት እንደሳተች ጭምር። ኤሌኒ ዘንድሮ ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት ከወረወረቻቸው ሃምሳ አራት የቅጣት ውርወራዎች አርባ ዘጠኙን አግብታለች። ይህን ቁጥር ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝም አልሳሳትም።

ዘንድሮ ደጋፊ ከቡድኑ ጋር መጓዝ ቀርቷል። ቆላ ድባ ቅርብ ስለሆነ አንዴ ሄደናል፤ ሃምሳ አንድ ለሠላሳ ስምንት አሸንፈን ስንመለስ ድምፄ ሦስት ቀን ጠፍቶ ከረመ። ከዚያ ወዲህ ግን መንገዱ ከፋ። ሰው ይታገታል፣ ተኩስ ይነሳል፣ ጠዋት የተከፈተው መንገድ ከሰዓት ይዘጋል። ስለዚህ ከከተማ ውጭ የሚደረገውን ጨዋታ የምከታተለው በሚስኮል ሆነ። አሰልጣኙ ይበልጣል በጨዋታ ቀን የልጆቹን ስልክ ይሰበስባል። የአውቶብሱ ሾፌር አያ ወንዴ ደግሞ ካርድ ማባከን አይወድም። አንድ ጊዜ ደውሎ ከዘጋ ተሸንፈናል፣ ሁለት ጊዜ ከደወለ አሸንፈናል ተባብለን ተስማማን። ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ስልኬን እያየሁ ከረምኩ።

የምድቡ የመጨረሻ ጨዋታ ደባርቅ ላይ ነበር። ካሸነፍን ሁለተኛ ሆነን ወልድያ ላይ ለሚደረገው ማጠቃለያ እናልፋለን፤ ከተሸነፍን ዓመቱ አበቃ። ሰኞ ዕለት ይበልጣል ላብራቶሪ ድረስ መጥቶ ሁለት ወረቀት ሰጠኝ። በመንገዱ ምክንያት ከወላጅ አንዱ ካልፈረመ ማንም ልጅ አትጓዝም። አንደኛው ወረቀት ለደባርቅ ነው፣ ሁለተኛው ለወልድያ።

«የወልድያውን እንኳ ስናልፍ ትፈርመዋለህ ጋሽ ካሣዬ። ለአሁኑ ያዘው» አለኝ።

ያን ዕለት ራት ላይ የደባርቁን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። መንበረ ሳትነካው አነበበችው።

«አልፈርምም» አለች።

«ሦስት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው እኮ።»

«ባለፈው ሳምንት ከዚያው መንገድ ማንን እንደተቀበልን ልንገርህ?»

«አትንገሪኝ።»

«አዎ፤ አንተ መስማት አትወድም።»

እስክሪብቶዬን በጣቴ እያሽከረከርኩ ወደ ኤሌኒ ዞርኩ። «አንቺስ? መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«ቡድኑ ከሄደ እሄዳለሁ» አለች። የምታየው ወረቀቱን ነበር። እኔ ይህን እንደ «አዎ» ቆጠርኩት።

በማግስቱ ላብራቶሪ ውስጥ ፈረምኩ። ወረቀቱ «በጉዞው ላይ ለሚያጋጥመው ማንኛውም ነገር ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ይላል። አነበብኩት፤ አንብቤም ፈረምኩ። እስክሪብቶው እጄ ላይ እያለ የወልድያውንም ፈረምኩት፤ እንደምናልፍ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። የደባርቁን ለይበልጣል ሰጠሁት፤ የወልድያውን ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት። ለመንበረ ስለ መጀመሪያው ነገርኳት፤ ሁለት ቀን ዘጋችኝ። ስለ ሁለተኛው ትንፍሽ አላልኩም።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነጩ አውቶብስ ከኮሌጁ በር ተነሳ። እጄን አወዛወዝኩ። ኤሌኒ በመስኮቱ አየችኝ፣ ግን እጇን አላነሳችም። ጨዋታው አሳስቧት ነው አልኩና ተውኩት።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ አንድ ጊዜ ጠርቶ ተቋረጠ።

ሁለተኛውን ጠበቅኩ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ኔትወርክ ሄዶ ይሆናል ብዬ ስልኩን ይዤ የቤታችን ግቢ ውስጥ ዞርኩ። ሁለተኛው አልመጣም። ተሸንፈናል። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት ልጄ የት እንዳለች እንኳ ትዝ አላለኝም። ጠረጴዛውን በቡጢ ነረትኩት፤ ይበልጣልን ሰደብኩ፤ ያላየሁትን ዳኛ ሰደብኩ። ደብተሩን እንኳ ሳልከፍተው ወረወርኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድረስ ነበረባቸው። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። አሥር ሆነ። አያ ወንዴ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ይበልጣል ጋ ደወልኩ፤ ከአገልግሎት ክልል ውጭ ነው ትላለች። ያችን ሴትዮ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ሰማኋት፤ በየጊዜው በዚያው በረጋ ድምፅ ነው የምትናገረው።  

ባጃጅ ይዤ በአራዳ በኩል አቋርጬ ከከተማው ዳር ወለቃ ኬላ ወጣሁ። ከደባርቅ የሚመጣ መኪና ሁሉ በዚያ ያልፋል። አስፋልቱ ጭር ብሏል። ያ መንገድ ቅዳሜ ከሰዓት ጭር ብሎ አይቼው አላውቅም። ከሰሜን የሚወርደው ነፋስ ይበርዳል፤ እኔ ግን ላብ በላብ ሆኛለሁ። ለመንበረ ደውዬ የት እንዳለሁ ስነግራት ስልኩን ዘጋችው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ከባጃጅ ወረደች፤ መጥታ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆመች።

ብዙ ቆይቶ አንድ አይሱዙ መጣ። ነጭ ሽንኩርት የሞላው ጆንያ ጭኗል። ኬላው ላይ ሲቆም አንዲት ነጋዴ ከላይ ወረደች፤ ሌሎቹ እማዋይሽ እያሉ ይጠሯታል። ነጠላዋ አቧራ ለብሷል። ሮጬ ሄድኩባት።

«ከደባርቅ ነው የመጣችሁት?»

«ከአምባ ጊዮርጊስ። ምነው አያ፣ ሰው ትጠብቃለህ?»

«ልጄን። ነጭ አውቶብስ ነው፤ ተማሪዎች ጭኗል።»

ወደ መጣችበት መንገድ ዞራ አየች። 

«ነጭ ማኪናስ አይቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ከመንገዱ ዳር ቆሟል። በሩ ተከፍቷል።»

«ልጆቹስ?»

«ሰው የለበትም።»

«እንዴት ሰው የለበትም?»

«ተኩስ ነበር እኮ አያ። እኛንም ሾፌሩ አጎንብሱ ብሎ በጥድፊያ ነው ያሳለፈን። ጆንያው ሥር ተኝቼ በአንድ ዓይኔ ነው ያየሁት። እመብርሃን ሸጋ አድርጋ ታምጣልህ እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ።»

መንበረ መጥታ መጠየቅ ጀመረች። መቼ ነው ያየሽው? መስታወቱ ተሰብሯል? መሬት ላይ የወደቀ ሰው አለ? ደም አይተሻል? በሥራ ቦታዋ የቆሰለ ሰው ያመጡትን እንደምትጠይቅ፣ አንድ በአንድ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ። እማዋይሽ ለሁሉም «አላየሁም እቴ፣ አላየሁም» ትላለች። አይሱዙው ሲሄድ መንበረ ወደ እኔ ዞረች።

«ስትፈርም እጅህ አልተንቀጠቀጠም?»

«አልተንቀጠቀጠም» አልኳት። በዚያ ሰዓት መዋሸት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት እንጃ። ጭንቅላቴ ውስጥ ባዶው አውቶብስና «ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበሩ። ምን ዓይነት ኃላፊነት ነው የምወስደው? ከማንስ ነው የምወስደው? የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ እኮ። ፊቴን ወደ ከተማው፣ ወደ ሥላሴ አዙሬ ተሳልኩ። ልጄን በደህና መልስልኝ፤ ሁለተኛ ሜዳ አልረግጥም፣ ስለ ኳስ አንዲት ቃል አልተነፍስም አልኩ። ከልቤ ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል፣ ባጃጆቹ ወደየቤታቸው መግባት ሲጀምሩ፣ አውቶብሱ መብራቱን አብርቶ ከጠመዝማዛው ብቅ አለ። መንበረ ሮጠች። እኔ መሮጥ አቃተኝ፤ ያለሁበት ቆሜ መስኮት በመስኮት ራስ መቁጠር ጀመርኩ። መቁጠሩም ጠፋብኝ።

ኤሌኒ የወረደችው በመጨረሻ ነው። ቱታዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ የግራ እግር ጫማዋ የለም። እናቷ አስፋልቱ ላይ አቁማ ከራስ ቅሏ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዳሰሰቻት፤ ከዚያ አቀፈቻትና ጮክ ብላ አለቀሰች። መንበረ ስታለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም ሁለቱንም አቅፌ ተንሰቀሰቅኩ። ሰው አየኝ አላየኝ አላልኩም።

አያ ወንዴ የሆነውን ነገረን። ተኩሱ ከፊትም ከኋላም ሲሆን መኪናውን አቁሞ ልጆቹን በሙሉ አስወርዷል። ከመንገዱ በታች የድንች ማሳ ነበር፤ የድንጋይ እርከኑን ተከልለው ሁለት ሰዓት በሆዳቸው ተኝተዋል። ሲሮጡ የይበልጣልም ስልክ ያለበት የስልኮቹ ቦርሳ የሆነ ቦታ ወድቆ ቀረ፤ የእሱም ስልክ እዚያው ማሳ ውስጥ ጠፋ።

ይበልጣል ፊቱ አመድ መስሏል። ምን እንደሚል ስለጠፋው ይመስለኛል ስለ ጨዋታው ነገረኝ። «በአንድ ነጥብ ነው ጋሽ ካሣዬ። ሃምሳ ሰባት ለሃምሳ ስድስት። አራት ሴኮንድ ሲቀር ሁለት የቅጣት ውርወራ አግኝተን ነበር። ኤሌኒ ናት የወረወረችው።» ከዚያ መንበረን አየና አፉን ያዘ።

ቤት ስንደርስ ኤሌኒ ታጥባ ጋቢ ለብሳ ተቀመጠች። እናቷ ትኩስ ሻይ ሰጠቻት፤ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ አትጠጣውም።  ልጄ በሕይወት አለች፤ ፊቴ ተቀምጣለች፤ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ስለቴ ግን ራት ድረስ እንኳ አልቆየም።

«ኤሌኒዬ» አልኩ። «ሁለቱን… ሁለቱንም?»

መንበረ እንዴት እንዳየችኝ አልናገርም።

«አዎ» አለች ኤሌኒ።

«አንቺ እኮ ከሃምሳ አራት አርባ ዘጠኝ…»

«አውቃለሁ። ደብተርህን አይቻለሁ።» ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ሐሙስ ዕለት ነጥቤን ላይ ብዬ ከፈትኩት። ወረቀቱ ውስጡ ነበር። የወልድያው። ፈርመህበታል።»

«የምን ወልድያ?» አለች መንበረ።



«ስንሄድ መንገዱን አየሁት አባዬ» አለች ኤሌኒ። «ዳባት ሳይደረስ የተቃጠለ መኪና ቆሟል። ወንበሮቹ ይታያሉ። ይሄ ሦስት ሰዓት ነው፤ ወልድያ ግን ሙሉ ቀን ነው አልኩ በልቤ። መስመሩ ላይ ቆሜ ኳሱን ስይዝ ያንን ነበር የማስበው። ካገባሁት እሄዳለሁ። አንተ ፈርመሃላ! ሁለቱንም አጠር አድርጌ ወረወርኳቸው። ልጆቹ ሲያለቅሱ አብሬያቸው አለቀስኩ፤ ማንም አላወቀብኝም።»

«አልሄድም ብትዪኝ እኮ…» አልኩ። «ጠይቄሽ ነበር እኮ!»

«እስክሪብቶ ይዘህ ነው የጠየቅከኝ» አለች።

 ወለቃ ላይ ቆሜ የፈራሁት መንገዱ ላይ ያሉትን ሰዎች ነበር። ልጄ ግን ከእነሱ እኩል እኔን ፈርታ ነበር፤ አልሄድም ብላ ፊቴን ከማየት ኳሷን መሳት ቀሏታል። አፈርኩ። በማንም ሰው ፊት እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ቀን የወረወርኩትን ደብተር ከወደቀበት አንስቼ ለመንበረ ሰጠኋት። ወረቀቱን አወጣች፤ ቀኑን፣ «ወልድያ» የሚለውን፣ ከታች ያለውን ፊርማዬን አነበበች። ትቀደዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልቀደደችውም። አጥፋ የጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ደብተሩን በደባርቁ ጨዋታ ገጽ ላይ ከፍታ ፊቴ አስቀመጠችው፤ እስክሪብቶም ጨመረችበት።

«የዛሬውን ጻፍ» አለችኝ።

ኤሌኒ ከጋቢው ውስጥ ታየኛለች። ሃምሳ ሰባት ለሃምሳ ስድስት ብዬ ጻፍኩ። ከስሟ ትይዩ፣ የቅጣት ውርወራ የሚለው ረድፍ ላይ ደረስኩ። የወረወረችው ሁለት፤ ያገባችው ዜሮ። ዜሮዋን ለመጻፍ እስክሪብቶውን ሳሳርፍ ክቡ አልገጥም አለኝ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።