አሥራ አምስት ደቂቃ

«ምኗን ነው የምታጥበው፣ እጇን ነው ኃጢአቷን?» አለች መምህርቷ በለሆሳስ።

ታናሽ እህቷ ክንዷን ቆነጠጠቻት። «ኧረ ሰው ይሰማል!»

የመምህርቷ ባል ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ በኪራይ ወንበሮች ተጨናንቋል፤ ቡናው ከፔርሙስ እየተቀዳ ይዞራል፤ ለቀስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ኑሮ ውድነት ያወራል። የእሷ ዓይን ግን ከኮሪደሩ ጫፍ አልተነቀለም። እዚያ የባሏ የላቦራቶሪ ባልደረባ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ስታሽ ቆይታ፣ ቧንቧውን በክርኗ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ልክ እንደ እሱ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «እጅ የለህም ወይ?» እያለች ስትስቅበት የኖረችው አመል ሌላ ሴት ላይ ተገኘ።

ሟቹ የቫይረስ ተመራማሪ ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው ከእንስሳት ወደ ሰው በሚሻገሩ በሽታዎች፣ ይልቁንም ጦጣዎች በሚሸከሙት አንድ የሄርፐስ ቫይረስ ላይ ነው። ጎረቤት የሚያማ ይመስል እራት ላይ ሳይቀር ያነሳዋል። «ጦጣዋን ቢበዛ ከንፈሯን ያቆስላታል፤ ሰውን ካገኘ ግን አንጎል ድረስ ይዘልቃል። ደግሞ ነርቭ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል» ይላል። በመጨረሻ የገደለው ግን የገዛ ልቡ ነው፤ ደረጃ እየወጣ ሳለ ቀጥ አለ።

ነገሩ ከሆነ ስምንት ዓመት ይሆናል። አንድ ቀን ከሥራ መጥቶ «ጉንፋን ይዞኛል» አለና ትራሱን አንጠልጥሎ የእንግዳ ክፍል ገባ። ሦስት ሳምንት! ፎጣው ለብቻ፣ ብርጭቆው ለብቻ፤ ልጃቸውን እንኳ አልሳመም። ሳል የለ፣ ማስነጠስ የለ። ጠዋት ጠዋት ግን ስልክ ይደወላል፤ ከበሩ ጀርባ ሆና «እንዴት አደሩ?» የሚል የሴት ድምፅ ትሰማለች። «አንቱታው ለማሳሳቻ ነው» አለች ለራሷ። ድምፁ የላቦራቶሪ ባልደረባው ነው፤ ጓንት ከእጇ ስለማይለይ «ባለጓንቷ» ብላ ሰየመቻት፤ በሩን ግን አንድም ቀን አላንኳኳችም። ኩራቷ መቼ ፈቅዶላት! ሦስት ሳምንቱ ሲያልቅ ሰውዬው ትራሱን ይዞ ተመለሰ። እሷም አልጠየቀች፣ እሱም አልተናገረ።

አሁን ባለጓንቷ እጇን አድርቃ መጥታ ፊቷ ቆመች። «እግዜር ያጽናዎት።»

«አንቺንም ያጽናሽ። ከእኔ ይልቅ ያየሽው አንቺ ነሽ» አለች መምህርቷ። ምላሷን መያዝ አልቻለችም። «ያኔ ጉንፋን ነው ብሎ አልጋዬን ጥሎ የሄደ ጊዜ፣ ምንሽ ነበር?»

እህቷን ቡናው ትን አላት።

«ጉንፋን?» ባለጓንቷ ከጎኗ ካለው ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «አልነገሩዎትም እንዴ? ጦጣ ቧጭራቸው እኮ ነው። እኛ ጋ እንስሳቱ ክፍል ማንም ብቻውን አይገባም፤ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይጠብቃል። የዚያን ቀን ጠባቂዋ እኔ ነበርኩ። ጦጣዋ ጓንታቸውን ስትቀደው አላየኋትም። ሕጉ አሥራ አምስት ደቂቃ ቧንቧ ሥር ማጠብ ነው። እጃቸውን እኔ ይዤላቸው ሰዓቱን ቆጠርኩ። ከዚያ መድኃኒት መውሰድ፣ ሦስት ሳምንት ትኩሳት ይመጣል ብሎ መጠበቅ። ጠዋት ጠዋት የምደውለው በሕይወት ማደራቸውን ለማወቅ ነበር።»

«እና ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«እኔም ይንገሯቸው ብያቸዋለሁ። ‹ከነገርኳት በሩን ሰብራ ገብታ ታቅፈኛለች፤ እሷን ማን ይመልሳታል? ተቆጥታ ብትርቀኝ ይሻላል› አሉኝ።»

መምህርቷ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ቅናቱ ግን ባሰባት። ፍርሃቱን ለባለጓንቷ፣ ጉንፋኑን ለእሷ! እሱ ከግድግዳው ማዶ ሞቱን ሲጠብቅ እሷ ወዲህ ሆና ሳህን እያንኳኳች ትቀጣው ነበር። አውቋታል፤ ገብታ ታቅፈው ነበር። እንዲያ አውቋት ሳለ እነዚያን ቀኖች የወሰደችው ሌላ ሴት ናት፤ አሁን ማንም አይመልስላትም።

«በየትኛው እጅሽ ነው እጁን የያዝሽው?» አለች።

ባለጓንቷ ግራ ተጋባች። ቀኝ እጇን ዘረጋች።

መምህርቷ የባለጓንቷን እጅ ተቀብላ ጭኗ ላይ አኖረችው፤ በሁለት እጆቿም ያዘችው። እህቷ ቡና ስታቀርብላት ራሷን ነቀነቀች። አዲስ ለቀስተኛ ገብቶ ሊጨብጣት ሲያጎነብስም ያን እጅ አልለቀቀችም።