አራት የበቆሎ ዘር ገዥዎች

ዴልበርት ስካር ውሸት አይሆንለትም። ልጅ ሳለ ብስኩት ሰርቆ ሲበላ ማንም ሳይጠይቀው "እኔ አይደለሁም" የሚል ዓይነት ነበር። እንግዲህ በአሜሪካ የአዮዋ ግዛት መንግሥት ለውሸት የላከው ይህንን ሰው ነው።

ሥራው የባንክ ተቆጣጣሪነት ነው። ያን ዓመት የመሬት ዋጋ ወድቆ፣ እርሻና ቤት በመያዣ ይዘው ያበደሩ ትንንሽ ባንኮች በላይ በላዩ ይዘጉ ነበር። አዘጋጉም ወግ አለው። ሁልጊዜ ዓርብ፣ ደንበኛ ከወጣ በኋላ ነው። እስከዚያ ትንፍሽ ማለት የለም፤ ወሬው ካመለጠ ሰዉ ይተራመስና ቀድሞ የደረሰው ወስዶ የዘገየው ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ተቆጣጣሪዎቹ ሐሙስ ይገቡና ሞቴል የሚይዙት በሐሰት ስም ነው። በዚህኛው ጉዞ "የበቆሎ ዘር ሻጮች ነን" ብለው ነበር። ጣጣው፣ የሚዘጋው ባንክ ዴልበርት ባደገባት በሃልቮርሰን ከተማ መሆኑ ነው። ሰው ስላነሰ እንጂ ሌላ ጊዜ ቢሆን አይልኩትም።

ሐሙስ ምሳ ሊበሉ ምግብ ቤት ገብተው ሾርባው ገና ከመቅረቡ፣ "አንተ! የእነ ስካር ልጅ አይደለህም እንዴ?" የሚል ድምፅ ተሰማ።

እማማ ኤልዳ ናቸው። እናቱ ሆስፒታል ተኝታ በከረመችበት ክረምት ከልጆቻቸው ሳይለዩ ያበሉትና ያለበሱት ጎረቤት። ጉንጩን ሳሙት።

"ምን እግር ጣለህ? አሁንም ባንክ ነው የምትመረምረው?"

የዴልበርት ጆሮ ቀላ። አለቃው ኦርቪል ከፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሾርባውን ያማስላል።

"ለቅቄያለሁ፣ እማማ። አሁን የበቆሎ ዘር ነው የምሸጠው።"

እጁን ይዘው ገለበጡት። "በዚህ የሕፃን መዳፍ? ገበሬው አይቶ ይስቅብሃል!" አሉና ራሳቸው ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። "አባረሩህ፣ አይደል?"

አንገቱን ደፋ። ይህንኑ እንደ አዎ ቆጠሩት።

"አይዞህ የኔ ልጅ። የመንግሥት እንጀራ መቼም እንዲህ ነው። ገዥስ አገኘህ?"

"ገና አንድም።"

ይህቺን ደግሞ ማን ጨምር አለው?

እማማ ኤልዳ የራሳቸውንም አወሩት። ባላቸው አርኒ በጸደይ ሞቷል። እርሻውን ከነቤቱ ሸጠው ልጃቸው ዘንድ ሊጠጉ ነው። "ነገ ጠዋት መቶ ሰባ ሺህ ዶላር እቀበላለሁ፤ ያለኝም እሱ ብቻ ነው። አርኒ ሊሞት ሲል 'ባንክ ቢወድቅ መንግሥት የሚክሰው እስከ መቶ ሺህ ነው፤ ሁሉንም አንድ ቦታ እንዳታስቀምጪ' ብሎ አስምሎኛል። ስለዚህ እርሻውን የገዛው ሰው ሁለት ቼክ ይጽፍልኛል። አንዱን እዚህ፣ አንዱን ጎረቤት ከተማ ኦክዴል ላለው ባንክ ወስጄ አስገባለሁ።"

"ጥሩ ነው እማማ፣ እንደዚያ ያድርጉ!" አለ ዴልበርት። ኦርቪል በጠረጴዛው ሥር በጫማው ጎሸመው። ዴልበርት ግን ደስ ብሎት ነበር። እንግዲህ እሳቸው ተርፈዋል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከባንኩ ፊት ለፊት መኪና ውስጥ ሆነው መዝጊያውን ሰዓት ሲጠብቁ፣ እማማ ኤልዳ ከባንኩ ወጡ። ሲያዩት እየተጣደፉ መጥተው መስኮቱን አንኳኩ። ብርዱ አፍንጫቸውን አቅልቶታል።

"አራት! አራት ገዥ አገኘሁልህ!"

"የምን ገዥ?"

"የዘር ነዋ! ከጠዋት ጀምሮ ከደጅ ደጅ ስዞር ዋልኩ። ያ ጎረቤታችን ቶርቫልድ 'ዘር አለኝ' ብሎ አሻፈረኝ ሲል፣ 'ይሄ ልጅ ስንት ክረምት ደጅህን በረዶ ጠርጎልህ የለም? አታፍርም?' አልኩት። አፍሮ ገዛ!"

የዴልበርት ሆድ ባባ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጠ። "ኦክዴልስ ሄዱ?"

"ውይ፣ ጊዜ የት ተገኝቶ! ሁለቱንም ቼክ እዚሁ አስገባሁት። ሰኞ እወስደዋለሁ። በሁለት ቀን ገንዘቡ የት ይሄድብኛል?"

ባንኩ ገና አልተዘጋም። 'ይመለሱ፣ አሁኑኑ አንዱን ቼክ መልሱልኝ ይበሉ' ማለት ብቻ ነበር። አፉን ከፈተ።

"ዴልበርት" አለ ኦርቪል፣ ቀስ ብሎ።

እኔ ብሆን እናገር ነበር ትሉ ይሆናል። ማለት ቀላል ነው። ዴልበርት ምሎ የገባበት ሥራ ነው። ለእሳቸው ከተናገረ ለቶርቫልድስ? ከዚያም ወዲያ ላለው? ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ።"

"ምን አለበት። አንተም ልጄ ነህ።"

ከዚያ ሰዓቱ ደረሰና ተቆጣጣሪዎቹ ተከታትለው ገቡ። ከውስጥ በሩን ቆልፎ የመዘጋቱን ማስታወቂያ መስታወቱ ላይ የለጠፈው ዴልበርት ራሱ ነው። ቀና ሲል እማማ ኤልዳ የመኪናቸውን በር እንደያዙ ቆመው ያዩታል። ምላሴን በቆረጠው አለ በልቡ፤ የትኛውን ጊዜ እንደሆነ ግን ለራሱም አልለየለትም፤ የዋሸበትን ይሁን ዝም ያለበትን።

ሰኞ ሰዉ ብርድ ላይ ተሰለፈ። ዋስትና ያለው ገንዘብ ተከፈለ። ከዚያ በላይ ላለው ደረሰኝ ብቻ ተሰጠ፤ የባንኩ ንብረት ተሸጦ የሚደርስ ካለ ከዓመታት በኋላ ይደርሳል። የእማማ ኤልዳ ተራ ዴልበርት ጋ ደረሰ። ለሰባው ሺህ ደረሰኝ ፈረሙ። ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

"እማማ፣ እኔ..."

"ተወው። ሕጉ ነው፤ ይገባኛል።" ጓንታቸውን አጠለቁ። ሄዱ ሲባል ተመለሱ። "እነዚያ ሰዎች ግን፣ ዘሩ መቼ ይመጣል ብለው የሚጠይቁት እኔን ነው። ምን ልበላቸው?"

ከኋላቸው ቶርቫልድ ቆቡን በእጁ ይዞ ተራውን ይጠብቃል።