ቀይ ክር የታሰረባቸው ድግጣዎች

ጅረት ጠራጊዋ ሰባተኛውን የድግጣ ቁጥቋጦ በገጀራዋ ቆርጣ ስትጥለው የችግኝ ጣቢያው ሠራተኛ በጅረቱ ዳር እየሮጠች ደረሰች። ቢጫው አበባና ገና ያልደረቀው ፍሬ ጭቃው ላይ ተበትኗል።

"ኧረ አንቺ ሴት፣ ቀይ ክሩን አላየሽም?"

"አይቼ ነዋ የቆረጥኩት።"

ጅረቱን በሚጠርጉት ዘንድ ቀይ ክር ማለት ይወገድ ማለት ነው። አለቃቸው ጠዋት እያሰረ ያልፋል፣ እነሱ ከኋላ እየቆረጡ ይከተላሉ። ከሁሉም ፈጣኗ እሷ ስለሆነች "አውሎ" ይሏታል። ችግኝ ጣቢያ ደግሞ ቀይ ክር የሚታሰረው ለዘር በሚጠበቅ ተክል ላይ ነው። ሁለቱ ቡድኖች አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ሲሠሩ ይህን ማንም ለማንም አልነገረም። ጉድ እኮ ነው።

"ማነው ያሰረው?" አለች፤ ልቧ ግን ቀድሞ አውቆታል።

"ወንድምሽ ነዋ። ታሞ ከመተኛቱ በፊት የመጨረሻ ሥራው ይኼ ነበር።"

ገጀራው ከእጇ ወደቀ። አምና ጎርፍ የጅረቱን ዳር ተክል ሁሉ ጠራርጎ ሲወስድ እነዚህ ሰባቱ ብቻ ንቅንቅ አላሉም። ታላቅ ወንድሟ፣ የጣቢያው አትክልተኛ፣ "ከነሱ ዘር ዳሩን በሙሉ አለብሰዋለሁ" ሲል ከረመ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አሳይቷት አያውቅም። ሐኪሞቹ ቤት ወስዳችሁ አስታሙት ካሉ ሦስት ሳምንት ሆነ። ጠዋት ማታ የሚጠይቃት ስለ ፍሬው ነው።

ሠራተኛዋ የወደቀውን ገጀራ አነሳችላት። "ከመንገድ ዳሩ ድግጣ ፍሬ ሰብስቢና ውሰጂለት። ዓይኑ እንደሆነ ደክሟል፣ አይለየውም። ለሚሄድ ሰው እውነቱ ምን ያደርግለታል?"

ከሰዓት በኋላ አንድ እፍኝ ደረቅ ፍሬ ይዛ ገባች። ክፍሉ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ትራሱን ከፍ አድርጋለት ፍሬውን መዳፉ ላይ አፈሰሰችለት።

"ደረሰ እንዴ? ዘንድሮስ ቸኮለ።"

"ፀሐዩ በርትቶ ነው፣ ጋሼ።"

"ሰባቱም ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው።" ከወንድሟ ደብቃ የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ በራሷ አፈረች።

እሱ አንዱን ፍሬ በአውራ ጣቱ ፈልቅቆ ዘሩን ዳበሰው። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

"ስትዘሪው ከውሃው ሁለት እርምጃ አርቂው። ደግሞ እንዳትቸኩዪ፣ አውቅሻለሁ።"

"እሺ።"

ቀኝ እጇን ፈልጎ ያዘው። ገጀራው መዳፏ ላይ ያስቋጠራት ውሃ ጣቶቹ ሲነኩት አቃጠላት።

"ያጎረስሽኝ፣ ያጠብሽኝ፣ ዘሬንም ያመጣሽልኝ እጅሽ ይባረክ። እኔ ብሄድም ሰባቱ አሉ። ከእንግዲህ አልፈራም።"

ለምርቃት አሜን ማለት ምን ይከብዳል?

"ምነው፣ አሜን አትይም?"

እንባዋን በግራ እጇ ጠረገች። ቀኙን አላስለቀቀችም።

"ጋሼ፣ ሰባቱንም የቆረጣቸው ይኼ እጅ ነው" አለችው።