የድኩላው ሁለተኛ ሞት

«አይስቴ»፣ ማለትም ተኩሶ የማይስት፣ የሚለውን ቅጽል ስም ለራሱ ያወጣው ራሱ ነው። ሰው ሲጠይቀው «የማኅበሩ ልጆች ናቸው ያወጡልኝ» ይላል፤ የማኅበሩ ሰዎችም ጭቅጭቅ ስለማይወዱ «አዎ፣ እኛ ነን» ይሉለታል። በሥራው ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ያውም ጎበዝ። እሱ ያጠበቀው ቧንቧ አንዲት ጠብታ አያፈስም። ሰውዬው በሚችለው ሙያ ቢኮራ ምን ነበረበት? እሱ ግን የሚኮራው በማይችለው ነው። እሑድ እሑድ ጠመንጃውን አንግቶ ዱር ይወጣል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ሰኞ የሰው መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ብሎን እያጠበቀ ስላመለጠው አውሬ ለባለቤቶቹ ይተርካል። ሰኞ ፍየል ያህል የነበረው አውሬ ዓርብ ላይ በሬ ያህላል።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእሱ ውሸት ግን እያደር የሚወፍር ነበር።

አንድ እሑድ ታዲያ የቀናው መሰለው። አብሮት የወጣው የሚስቱ ወንድም ነው፣ ልብስ ሰፊው። ልብስ ሰፊው ጉልበቱን ስለሚያመው ሁልጊዜ መኪናው ጋ ይቀራል። የሚመጣውም አደን ወዶ አይደለም፤ እህቱ «ያ ሰው ራሱን ተኩሶ እንዳይገድል ጠብቅልኝ» ስላለችው ነው። እንዲህ ሲጠብቅ ዘንድሮ አስራ ሦስት ዓመቱ።

አይስቴ ወንዙ ዳር ድኩላ ተጋድሞ ሲያይ ልቡ ድው ድው አለች። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በደረቱ እየተሳበ ተጠጋ፤ ሱሪው ተቀደደ፤ ጉንዳን ሸሚዙ ውስጥ ገባ። ድኩላው ንቅንቅ አላለም። ጠጠር ወረወረበት። አሁንም ምንም። በመጨረሻ ተነሥቶ ሄዶ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። ድኩላው ሞቷል፤ ገላው ግን ገና አልበረደም። ቁስል የለበትም፤ ብቻ ከአፍንጫው ጥቁር ደም ይወርዳል።

ሌላ ሰው ቢሆን «ይሄ ፍጡር ምን ነክቶት ሞተ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። አይስቴ የጠየቀው ሌላ ነው። «ማን ያየኛል?» አለ፤ ዞር ዞር ብሎም አየ። ከዚያ ራቅ ብሎ ቆመ፣ አነጣጠረ፣ ተኮሰ፤ ጠጋ ብሎ ደግሞም ተኮሰ። ወዲያው እየጮኸ ወደ መኪናው ሮጠ።

«መታሁት! በአንድ ጥይት!»

«እኔ ሁለት ነው የሰማሁት» አለ ልብስ ሰፊው።

«ሁለተኛው የገደል ማሚቶ ነው።»

«ማሚቶው ከጥይቱ የበለጠ ይጮኽ ነበር» አለ ልብስ ሰፊው፤ ከዚያ በላይ ግን አልተከራከረም።

መኪናው ውስጥ አንድ ካርቶን ሙሉ የላስቲክ ጓንት ነበር። አይስቴ የተደፈነ ሽንት ቤት ሲከፍት ያለ ጓንት አይሞክራትም፤ በሽታ ይፈራል። አዳኝ ግን ጓንት አያደርግም! እንዲያ ብሎ ከሁለት ቀን በፊት በብረት መጋዝ በቆሰለ አውራ ጣቱ የድኩላውን ሆድ ዕቃ ዘረገፈ። ልብስ ሰፊው ቆዳውን ያዘ። እሱ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስፒል በከንፈሩ ይዞ የሠራ ሰው ነው፤ ሁለት እጁ ሥራ ሲይዝ የያዘውን ሁሉ ወደ አፉ ይልካል። ቆዳውን በሁለት እጁ መጎተት ባስፈለገው ቁጥር ደም የነካውን ቢላ በጥርሱ ይነክሳል። ሁለቱም አንድ ነገር ታዘቡ፤ ደሙ አይረጋም። ልብስ ሰፊው ጥይቱ የገባበትን ቀዳዳ ሲያገኝ ቆም አለ፤ በጣቱ ጠርዙን ዳሰስ ዳሰስ አደረገው፤ አማቹን ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ዝም ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ሥጋው የአዳኞች ማኅበር ማቀዝቀዣ ውስጥ ገባ። ቆዳው ጨው ተነስንሶበት አዳራሹ ውስጥ ተሰቀለ። ቅዳሜ የማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ነበርና የድኩላው ጥብስ ሊበላ፣ «የዓመቱ ተኩስ» የተባለው ዋንጫም ለአይስቴ ሊሰጥ ተወሰነ። የዋንጫውን ንግግር ሰኞ ጻፈው። ማክሰኞ አውራ ጣቱ ላይ የሚያሳክክ እብጠት ወጣ። ሐሙስ እብጠቱ ፈርጦ መሐሉ እንደ ከሰል ጠቆረ። አላመመውምና በፋሻ ጠቅልሎ ንግግሩን ማሳመሩን ቀጠለ።

ልብስ ሰፊው ግን ረቡዕ አፉን አመመው። ጥርስ ሐኪሙ በእጅ ባትሪ አየና አንድ ጥርስ ነቀለ። ሐሙስ ሲብስበት ሁለተኛውን ነቀለ። ጥርስ ሐኪም ጋ የሄደ ሰው ሕመሙ ሁሉ ጥርስ ነው። ዓርብ ጠዋት የልብስ ሰፊው አንገትና አገጭ ተለይቶ አይታወቅም ነበር፤ ድምፁም ጠፋ፤ ተሸክመው ሆስፒታል አስገቡት።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ በሩ የማይዘጋ ኮመዲኖ። ወንበሩ ላይ የአይስቴ ሚስት የወንድሟን እግር ይዛ ተቀምጣለች። ግድግዳው ጋ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሊጠይቅ የመጣበትን የብርቱካን ፌስታል እንደታቀፈ ቆሟል፤ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶታል። አይስቴ የአልጋውን ብረት ተደግፏል። ወጣቷ ዶክተር የልብስ ሰፊውን አፍ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አየችና ቀና አለች።

«ሰሞኑን ከእንስሳ ጋር ንክኪ ነበረው?»

«ድኩላ ገፍፈናል» አለ አይስቴ፤ ጡንቻውም ትንሽ ተወጠረ። «እኔ የገደልኩት።»

«ሲገኝ እንዴት ነበር? የታመመ ይመስል ነበር?»

ልብስ ሰፊው በእጁ የመጻፍ ምልክት አሳየ። ዶክተሯ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችው። ሁለት ቃል ጻፈና ወረቀቱን ለእሷ ዘረጋ። «እሱን ጠይቁት» ይላል። ከዚያ አይስቴን ትክ ብሎ አየው።

አይስቴ አሁን መናገር ነበረበት። አልጠፋውም። ግን ሊቀ መንበሩ እዚያው ቆሟል፤ ዋንጫው ነገ ነው፤ ንግግሩ ደግሞ አራት ገጽ ሆኗል። ስለዚህ ዓይኑን በጨው አጥቦ መለሰ።

«ምን ይታመማል፣ ዶክተር! በሩጫ ላይ ነበር። በመቶ ሰማንያ እርምጃ አየር ላይ ነው ያስቀረሁት።»

«ለእኔ ሁለት መቶ ነው ያልከኝ» አለ ሊቀ መንበሩ።

«በትሕትና ነው የቀነስኩት።»

ዶክተሯ በረጅሙ ተነፈሰች። «እንዲያ ከሮጠ ጤነኛ ነበር ማለት ነው። እንግዲያው ጥርሱ ሥር የያዘው መግል ነው ወደ አንገቱ የወረደው። የላቦራቶሪ ውጤት እስከ ሰኞ አይደርስልንም፤ እሱም እስከ ሰኞ የሚቆይ አይመስለኝም። ከሰዓት አንገቱን ከፍተን እናጥበዋለን።»

«ይድናል?» አለች የአይስቴ ሚስት።

«መግል ከሆነ ይድናል።»

«ካልሆነስ?»

የዶክተሯ ዓይን የአልጋው ብረት ላይ ቀርቷል፤ አይስቴ ብረቱን ሲጨብጥ ፋሻው ወልቆ ወርዶ ነበር።

«ጣትዎን ምን ነካው?»

«ብየዳ ነው። እሳት ፈንጥቆ ነው።»

«ያምዎታል?»

«እኔን? ቅንጣት!»

ይህን ሲል ኮራ ብሎ ነበር፤ የዶክተሯ ፊት ግን ሲለወጥ አየ። እጁን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን ጎተተችው፤ ጥቁሩን ቁስል፣ በዙሪያው ያበጠውን ቆዳ ገልበጥ አድርጋ አየች። «እሳት የበላው ጣት ያማል» አለች ዝግ ብላ። «ይሄ እሳት አይደለም። ደግሜ ልጠይቅዎትና እባክዎ አስበው ይመልሱልኝ። ያ ድኩላ ይሮጥ ነበር?»

የልብስ ሰፊው ትንፋሽ ይሰማ ነበር፤ ይንሾካሾካል፣ ያፏጫል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። አይስቴ ያን ድምፅ ያውቀዋል። ሊዘጋ የተቃረበ ቧንቧ እንዲህ ነው የሚጮኸው። በሥራ ቀን ቢሆን የቤቱን ባለቤት ጠርቶ «አሁኑኑ ካልተከፈተ አለቀለት» ይል ነበር።

«አይሮጥም ነበር» አለ።

«ቆሞ ነበር?»

«አልቆመም።»

«ተኝቶ?»

«ተኝቶም አይባልም» አለ አይስቴ። ድምፁ እንደ ልጅ ቀጠነ። «ሞቶ ነበር።»

የሊቀ መንበሩ ብርቱካን ወለሉ ላይ ተንከባለለ። «እንዴት ሞቶ? ጥይቱስ?»

«ጥይቱ ከዚያ በኋላ ነው።»

«ሬሳ ነው የተኮስከው?» አለች ሚስቱ።

«ዋንጫው…» አለ ሊቀ መንበሩ ለራሱ፤ ቀጥሎም አዳኝ ነውና ማወቅ ፈለገ። «ከስንት እርምጃ?»

«ከአምስት።»

«ደሙ እንዴት ነበር?» ዶክተሯ ስለ እርምጃው ደንታም አልነበራት።

«ጥቁር ነው፤ አይረጋም። ከአፍንጫውም ይወርድ ነበር። እሱ ደግሞ ቢላውን በአፉ ይዞ…»

ዶክተሯ በሩን ከፍታ ነርሷን ጠራች፤ ቀዶ ጥገናው እንዲቀር፣ የምትጠራቸው መድኃኒቶች ቶሎ በደም ሥሩ እንዲገቡለት አዘዘች። መተንፈሻውም ሳይዘጋ ቱቦ እንዲገባለት ሰው አስጠራች። ከዚያ ዞር አለች። «ድንገት የሞተ አውሬ፣ የማይረጋ ደም፣ የማያም ጥቁር ቁስል፤ የምጠረጥረው አባ ሰንጋ ነው። ለጥርስ መግል የምንሰጠው መድኃኒት አይበቃውም ነበር። ሞቶ የተገኘ አውሬ በቢላ አይነካም፣ እንኳን ሊበላ። ለመሆኑ ሥጋው የት ነው?»

ሁሉም ወደ ሊቀ መንበሩ ዞሩ።

«ማቀዝቀዣ ውስጥ» አለ። ብርቱካን ለመልቀም ጎንበስ ብሎ ነበር፤ እዚያው ጎንበስ እንዳለ ቀረ። «አንድ ቁራሽ ብቻ… ትናንት… ጨው ይበቃው እንደሆነ…»

ለሊቀ መንበሩም መድኃኒት ታዘዘለት።

ቅዳሜ ስብሰባው አልተካሄደም። ነጭ ቱታ የለበሱ ሰዎች መጥተው ሥጋውንም ቆዳውንም ወስደው አቃጠሉት፤ የአይስቴ ቢላና ሱሪም አልቀረለት። ቆዳውን የነኩ አባላት በሙሉ ተሰልፈው ክኒን ወሰዱ። ሰኞ ውጤቱ ዶክተሯ እንደጠረጠረችው ሆነ። ማክሰኞ ላይ የማኅበሩ ሰዎች ለአይስቴ አዲስ ስም አወጡለት፤ ይሄኛውን በእርግጥም እነሱ ናቸው ያወጡት። «ደጋሚው» ይሉታል፤ የሞተውን ደግሞ የገደለ ለማለት ነው።

እሱ ስሙን ከቁብም አልቆጠረው። ክኒኑን እየዋጠ፣ ከሥራ መልስ የተጠቀለለ አውራ ጣቱን ይዞ፣ የሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ሚስቱ ከ«ውሃ አምጣ» በስተቀር ቃል አትተነፍስለትም። ፈርቶ ነበር። በሕይወቱ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም።

በስምንተኛው ቀን ልብስ ሰፊው ቱቦው ወጥቶለት፣ የአንገቱ እብጠት ጎድሎ፣ ሁለት ትራስ ተደግፎ ተቀመጠ። አይስቴ ገባና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ብሎን መፍቻ አውጥቶ ኮመዲኖውን መጠገን ጀመረ።

«ቀዳዳውን አይቼው ነበር» አለ ልብስ ሰፊው ድንገት። ድምፁ ሻክሯል፣ በጎደሉት ጥርሶች በኩል ያፏጫል።

«የቱን?»

«የጥይቱን ነዋ። ሠላሳ ዓመት እኮ ቀዳዳ ነው ያየሁት። ነፍስ ያለበት ሲበሳ ይደማል። ያ ንጹሕ ነበር፤ ጨርቅ ላይ የተበሳ ነው የሚመስለው። ሞቶ እንዳገኘኸው ያኔውኑ ነው የገባኝ።»

አይስቴ ብሎን መፍቻውን አስቀመጠ። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«መሞቱን እንጂ በሽታ እንዳለበት መች አወቅሁ? ደስ ብሎህ ነበራ። አስራ ሦስት ዓመት አንገትህን ደፍተህ ስትመለስ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ የማይህ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ደስ ቢልህ ምን አለበት ብዬ ነው።»

«እሺ ወረቀቱስ? እዚያ ላይ ብትጽፈው…»

«በማን ፊት? ሊቀ መንበሩ ቆሞ፣ እህቴ ተቀምጣ? ባሏን ላዋርድባት? አንተው ብትናገረው ይሻላል ብዬ ተውኩልህ።»

«ባልናገርስ ኖሮ?»

ልብስ ሰፊው ጥያቄው እንግዳ ሆነበት። «እንጃ። አትናገርም ብዬ አስቤ አላውቅም።»

አይስቴ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። አፍንጫው ፈሰሰ፤ በተጠቀለለ ጣቱ ጠረገው፤ ልብስ ሰፊው በዓይኑ ንጹሕ ጨርቅ ፈለገለት፤ ሲያጣ የራሱን አንሶላ ጫፍ አቀበለው።

«አሁን አንድ ነገር ንገረኝ» አለው ለቅሶው ሲበርድ። «ያ ማሚቶ…»

«ማሚቶ አልነበረም።»

«ሁለት ጥይት ነው?»

«ሁለት ነው። የመጀመሪያውን ስቼዋለሁ።»

«የሞተውን?»

«የሞተውን።»

ልብስ ሰፊው በቆሰለ ጉሮሮው ሊስቅ ሞክሮ ሳል ያዘው፤ አይስቴም ዕንባው ሳይደርቅ ሳቀ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ምን ያህል እንደቆመች አላወቁም። ገባች፤ ወንድሟን ውሃ አጠጣችው፤ ከዚያ ወንበሩን ስባ ባሏ ፊት ተቀመጠች። ስምንት ቀን ሙሉ ዘግታው የከረመችውን ሰው ቀጥ ብላ አየችው።

«ከስንት እርምጃ ነው የሳትከው?»

«ከአስር» አለ አይስቴ፤ አንድም እርምጃ አልጨመረበት።