ሳልጽፈው የቀረው ጥያቄ

አባቴ ሸረፈዲን ኮምቦልቻ ውስጥ ጋሪ ነጂ ነበር። በደጋን መንገድ ላይ የደከመው ሽማግሌ ወይም ነፍሰ ጡር ሴት ካየ ሳያሳፍር አያልፍም፤ ሒሳብም አይቀበልም። እናቴ መዲና ደግሞ ገና ፈረሱን ሳይፈታው ትጀምረዋለች።

«ጋሪው ወቅፍ ነው እንዴ? ለመስጊድ የሰጠኸው መቼ ነው? ፈረሱ እንኳ ታዝቦሃል!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ኧረ ቆሽቴን አታሳርሪው!» ይላት ነበር እየሳቀ።

በ1974 ዓ.ም. አባቴ ከሳ፤ ዓይኑም ቢጫ ሆነ። ደሴ ሆስፒታል ወስደን አስተኛነው። ዶክተር ቀለሙ ሆዱን ከፍቶ አየና መልሶ ሰፋው። እናቴን ወደ ጥግ ጠርቶ፣ «በሽታው ቆሽታቸው ላይ ነው። ካንሰር ነው፤ መድኃኒት የለንም» አላት። ካንሰር የሚለው ቃል ጆሮዋ አልገባም። የገባው ቆሽት የሚለው ነው።

አባቴ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ «የእኔ አፍ ነው» አለችኝ። «እኔ ነኝ ያሳረርኩት።»

አይደለም ብላት አልሰማችኝም። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ ጠፋ። የጎረቤታችን የእትዬ አልጣሽ ዶሮዎች ያሰጣችውን ማሽላ ሲለቅሙ እያየች ዝም ትላለች። ድሮ ቢሆን ጩኸቷ ደሴ ድረስ ይሰማ ነበር።

ዶክተር ቀለሙ ይህ በሽታ ከምን እንደሚመጣ ማጥናት ጀምሮ ነበር። ከየበሽተኛው ትንሽ ሥጋ ወስዶ በጠርሙስ ወደ አዲስ አበባ ይልካል፤ የሰውየውንም አኗኗር ጠይቆ ይመዘግባል። በጀት ግን አልነበረውም። ይህን ሲሰማ የሰፈራችን ቅሬ፣ ሬሳ የሚያነሣውና የሚያስተዛዝነው ማኅበራችን፣ በአባቴ ስም መዋጮ ጀመረ። በጋሪው በነፃ የሄደ ሁሉ ሰጠ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ስማቸው ሳይቀሩ፣ «እኔንም አንድ ቀን በዝናብ አሳፍሮኛል» ብለው ፈቃዱን ፈረሙ። ሰው «የጋሪው ማኅበር» አለው። እኔን ጀላልን፣ ስድስተኛ ክፍል ጨርሷል፣ ፊደልም አይስትም ብለው ጸሐፊ አደረጉኝ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ሥራው ተስማማኝ።

ዓመት ሲሞላ፣ መዋጮው ምን እንደሠራ እንዲነግረን ለዶክተሩ ደብዳቤ ጻፍኩ። እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች። መሠረተ ትምህርት ገና መጀመሯ ስለነበር የምጽፈውን ማንበብ አትችልም።

«ከታች አንድ ነገር ጨምርልኝ» አለችኝ። «ንዴት ቆሽት ያሳርራል ወይ በለው። የሚስት ምላስ ሰው ይገድላል ወይ በለው።»

«እሺ እማ» አልኳት። ግን አልጻፍኩትም። የተማረ ሰው ይስቅብናል ብዬ አፈርኩ።

መልሱ በሁለት ወሩ መጣ። በቀበሌው አዳራሽ ተሰብስበን፣ ከወረቀቱ ቀና ሳልል አነበብኩት። ሠላሳ አራት በሽተኞች ተመዝግበዋል። የሃያ ስድስቱ ናሙና አዲስ አበባ ደርሶ ተመርምሯል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሰው ቶሎ እንዲመጣ ምልክቶቹ ተጽፈው ለየጤና ጣቢያው ተልከዋል። አዳራሹ አጨበጨበ። የአባቴ ጓደኛ፣ ጋሪ ነጂው ብሩ፣ «ያን ሁሉ ጠርሙስ አዲስ አበባ አደረሰው! ሸረፈዲን ሞቶም በነፃ ያሳፍራል!» ብሎ አሳቀን።

«አለቀ?» አለች እናቴ ከኋላ።

«አለቀ።»

«ሌላ ምንም የለውም?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «የለውም» አልኩ።

ቤት ስንገባ ሻርፗን ቀስ ብላ አጠፈች። «ጨዋ ሰው ነው» አለች። «እውነቱን ጽፎ ሰው ፊት ሊያዋርደኝ አልፈለገም። ዝም ማለቱ መልሱ ነው።»

እኔ የዘለልኩት አንድ መስመር እናቴ ላይ ፍርድ ሆነባት።

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ገባሁ። ዶክተሩ ፊት ስቀርብ አፌ ተሳሰረ። በመጨረሻ ወረቀት አውጥቼ፣ እናቴ ያለችውን አንድም ቃል ሳልቀንስ ጻፍኩና ሰጠሁት።

አልሳቀም። ሁለት ጊዜ አነበበውና ትልቁን መዝገብ ገለጠ።

«ከምን እንደሚመጣ ገና አላወቅንም፤ አልዋሽህም» አለ። «ግን በእናንተ መዋጮ የመዘገብነውን ተመልከት። ከሠላሳ አራቱ ዘጠኙ ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው። እኚህ ደግሞ ከሐይቅ ገዳም የመጡ መነኩሴ ናቸው። እሳቸውን የትኛዋ ሚስት ተቆጣቻቸው?»

ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ።

«ቆሽቴ አረረ ማለት አነጋገር ነው። እኔ ስንት ቆሽት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያረረ አላየሁም።» ገጹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ቆመ። «የአባትህ ይኸውና። ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ አለ ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ‹ሚስቴ ትቆጣለች። ሳትቆጣ የዋለች ቀን አሟት ይሆን ብዬ እደነግጣለሁ። አሁንም ድምፅዋ ናፍቆኛል፣ ቶሎ ልቀቁኝ› ነው ያሉኝ።»



«ይጻፉልኝ» አልኩት። ይህን በአፌ ነው ያልኩት። «ማኅተምም ይኑረው ዶክተር። እናቴ ማኅተም የሌለው ወረቀት አታምንም።»

ጽፎ ፈረመና ማኅተሙን አጥብቆ መታበት። «አብሽሩ፣ አይዞዎት ብሏል በላቸው» አለኝ።

ከሰዓት ቤት ደረስኩ። «እማ፣ ዶክተሩ ዝም አላለም» አልኳት። «ጥያቄሽን እኔ ነኝ ያልጻፍኩት። አፍሬ ነው።»

ወረቀቱን ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። «ቆ... ሽ... ት።» ብዙ ጊዜ ፈጀባት። አባቴ ያለው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። መልሳ አነበበችው። ማኅተሙን በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሁለት ወር ሙሉ! አንተ የማትረባ! አፈርኩ ብለህ እናትህን እሳት ላይ ትተዋታለህ? ወላሂ ቆሽቴን...» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

ቆየት ብላ እጇን አወረደችው። «...አሳረርከው» ብላ ጨረሰችው። እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

እትዬ አልጣሽ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «መዲና፣ አንቺ ነሽ የምትጮኺው?»

«እኔ ነኝ!» አለች እናቴ ዓይኗን እየጠረገች። «ነይ ዶሮዎችሽን ሰብስቢ፤ ማሽላዬን ጨረሱት!»