ዴልማር የሚመቸውን አቋቋም እንዴት እንዳገኘ

እናቴ ትሙት፣ የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው። እናቴ እርግጥ ከሞተች ቆይታለች፤ መሐላ ግን መሐላ ነው።

ጎረቤቴ ዴልማር ቱስታድ እዚህ ሞንታና ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ላም ሲያልብ የኖረ ሰው ነው። ሲያረጅ አንዲት ላም አስቀርቶ ሌሎቹን ሸጠና የተኳሾች ማኅበራችን ውስጥ ገባ። እኛ በየወሩ እንደ ጥንት ካውቦይ ለብሰን የብረት ሰሌዳ ላይ የምንተኩስ ሽማግሌዎች ነን። ደንባችን ጥብቅ ነው፤ ካውቦዮቹ የማያውቁት ነገር ሜዳችን ውስጥ አይገባም። አምና አንዱን ሱሪው ዚፕ አለው ብለን አባረነዋል።

ዴልማር የገዛው በቀለበት እጀታ የምትጎርሰውን አጭር ጠመንጃ ነው። ከቃታዋ ሥር ያለውን ቀለበት ወደ ታች ገፋ አድርገህ ስትመልሰው ጥይቷን ትጎርሳለች። ችግሯ ሰደፏ ጉማጅ ነው፤ ትከሻ ላይ አትደርስ፣ እንደ ሽጉጥ በአንድ እጅ አትያዝ። ወገቡ ላይ ሲያስደግፋት ቦርጩ ይገፋታል። ጉንጩ ላይ ሲያስጠጋት ቀለበቱ ጢሙን ነጭቶ ይመለሳል። እጁን ዘርግቶ ሲይዛት ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ማኅበሩ ውስጥ ከገባ ጀምሮ አንድ ሰሌዳ ነክቶ አያውቅም። አንዴ የገዛ መኪናውን መስተዋት መትቷል፤ መኪናዋ የቆመችው ከኋላው ነበር።

በመጨረሻ ዳኛችን ሮስኮ ብራንት፣ በሬ የሚያክል ሰው ነው፣ ቁርጡን ነገረው።

«ስማ አንተ ሽማግሌ፣ በሚመጣው ቅዳሜ አንድ ሰሌዳ ካላስጮህክ ጠመንጃህን ታስቀምጥና ሽርጥ ታጥቀህ የኛን ቀለሃ ትለቅማለህ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትቀበር።»

ዴልማር እህል አልበላ አለው። አንድ ጠዋት ወተት ልወስድ በረቱ ብገባ፣ አልቦ ጨርሶ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ጭንቅላቱን ላሟ ጎን ላይ አስደግፎ ባዶ ጠመንጃውን ወደ ግድግዳው ደግኗል። እጁ እንደ ድንጋይ ረግቷል።

«አገኘሁት!» አለኝ በሹክሹክታ። «እዚህ ጎን ላይ ስደገፍ መላ ሰውነቴ አደብ ይገዛል። ምን ያደርጋል፣ ላም ይዤ አልሄድ!»

«ለምን አትሄድም?» አልኩት ልስቅበት ፈልጌ። «በካውቦዮቹ ጊዜ ላም አልነበረም እንዴ?»

ትክ ብሎ አየኝ። ቀልዴን ምክር አደረገው።

ቅዳሜ ላሟን ማርጆሪን ጭኖ ከተፍ አለ። ማርጆሪ መብረቅ በረቱን ከመታው ወዲህ አትሰማም፤ ጆሮዋ ሥር መድፍ ቢተኮስ ማመስኳቷን አታቋርጥም። ሰዉ በሳቅ ይሞታል ብዬ ስጠብቅ፣ «ላም እዚህ ምን ትሠራለች?» ያለ አንድም ሰው ጠፋ። ሮስኮ ሊገዛት እንደመጣ ሰው ዞር ዞር ብሎ መረመራትና ጆሮዋ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ቢጫ ነገር ምንድነው?»

«የጆሮ ቁጥሯ ነው።»

«ከምን የተሠራ?»

«ከ... ከፕላስቲክ።»

«አዝናለሁ፣ ጌታው። ትውጣ!»

«ሮስኮ፣ በእናትህ! ብነቅለው መንግሥት ይቀጣኛል።»

«እኔስ ማን ነኝ?»

ማርጆሪ ወጣች። ዴልማር በርጩማው ላይ ብቻውን ቀረ፤ ጠመንጃዋ እጁ ላይ ትርገፈገፋለች። ሽርጡ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። ሮስኮ የሚመታውን ሊቆጥር መጥቶ አጠገቡ ቆመ፤ የለበሰው ጠጉራም የበሬ ቆዳ ካፖርት ነው። ዴልማር አንዴ አሸተተና፣ ጭንቅላቱ በራሱ ጊዜ ሄዶ ሮስኮ ጎን ላይ አረፈ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እረፍ፣ አትወራጭ!»

ዷ! ሰሌዳው ጮኸ። ቀለበቱን ገፋ፣ መለሰ፣ ዷ! ሁለተኛውም ጮኸ። ተኩስ ከተጀመረ ዳኛ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ደንቡን ያወጣው ደግሞ ራሱ ሮስኮ ነው። እንደ ቆመ ቀረ። የቀሩትም ሰሌዳዎች አንድ በአንድ ጮኹ። ዴልማር ሲጨርስ በልማዱ የሮስኮን ጎን መታ መታ አድርጎ፣ «ጎሽ የኔ ቆንጆ!» አለው።

ማኅበሩ ተሰብስቦ ካፖርቱን አገላብጦ ፈተሸ። ቆዳው ቆዳ፣ ቁልፉ ቀንድ፣ ክሩ ጅማት። የሚነቀፍ ነገር ታጣ፤ ውጤቱ ጸደቀ።

ከዚያ ወዲህ ዴልማር ተኳሽ ነው። ሮስኮ ግን በየወሩ ካፖርቱን ለብሶ መቆም አለበት፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ወርም ጭምር፤ ላብ በላብ ሆኖ ያመሰኳል፤ የሚያኝከው ትምባሆ ነው።

እውነቱን ለመናገር አንዲት ነገር ፈጥሬአለሁ። ዴልማር መታ መታ ያደረገው ጎኑን አይደለም። ትንሽ ዝቅ ይላል።