የጋሽ ኦዴል ባርኔጣ

ጋሽ ኦዴል የእሁድ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጂንሱን እንደ ጣውላ ቀጥ እስኪል አስተኩሶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ችሎቱ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ይኸው፣ ሁሉ እያየው! ኬይሊን በክርኗ ጎሸም ስታደርገው እንኳን «ቀስ በይ ልጄ፣ ሳልመሰክር እንዳትገድይኝ» ብሏታል። እና የዚያኛው ወገን ጠበቃ ተነስቶ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ክቡር ዳኛ፣ ከሳሽ ምንም ማስረጃ የላትም። ክሱ ይዘጋልን።»

ምንም! ኬይሊን ልትፈነዳ ደረሰች።

ከሳሿ አክስቷ ቨርና ናት። ባለፈው ሚያዝያ ጎረቤታቸው ሎውሪ የጥጥ ማሳውን የአረም መድኃኒት በአውሮፕላን አስረጨ። በሳምንቱ የቨርና የኮክ ዛፎች ቅጠላቸው ተጨማዶ ረገፈ። ሟቹ ባሏ በእጁ የተከላቸው ዛፎች! ሎውሪ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ «ውርጭ ነው» አለ። አውሮፕላኑ ዛፎቹ ላይ እየዞረ መድኃኒቱን ሲለቅ ያየው ጋሽ ኦዴል ብቻ ነው። የቨርናን አጥር ሲጠግን ፊቱ ላይ ሳይቀር ወርዶበታል።

ዳኛው ወረቀቱን አገላበጡ። «ምስክሩ በጽሑፍ የሰጠው ቃለ መሐላ የታለ?»

የቨርና ጠበቃ ፕሩዊት ጉሮሮውን ጠረገ። «ክቡር ዳኛ፣ ምስክሩ ራሱ መጥቷል። በአካል!»

«ዛሬ የሰው ምስክር አልሰማም። ክሱ ለሙሉ ችሎት ይብቃ አይብቃ የማየው በጽሑፍ ከገባው ብቻ ነው። የማስገቢያው ጊዜ ደግሞ ባለፈው ሳምንት አልቋል። ይህን ያውቃሉ አይደል?»

«እኔማ በአፉ ቢናገር ይበልጣል ብዬ... አሁን እናጽፈውና...»

«አልፈቅድም።»

«እዚህ ተቀምጦ እኮ ነው!» ኬይሊን ብድግ አለች። «ቀና ብለው ይዩት እንጂ!»

«አንቺ ልጅ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» ቨርና ቀሚሷን ጎተተቻት። ለዳኛው ላሳያቸው ብላ በፎጣ ጠቅልላ ያመጣችው የደረቀ ቅርንጫፍ ጭኗ ላይ ተገልጦ ይታያል።

ዳኛው ጋሽ ኦዴልን አንዴ አዩት። ከዚያ ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። «ከሳሽ ማስረጃ ስላላቀረበች መዝገቡ ተዘግቷል።»

በቃ! ማንም አንድ ቃል ሳይሰማ! ቨርና ፎጣውን ቀስ ብላ መልሳ ጠቀለለችው። ኬይሊን ያንን ስታይ እንባዋ መጣ፤ የንዴት እንባ።

ጋሽ ኦዴል ተነሳ። ባርኔጣውን አራገፈና እዚያው ዳኛው ፊት ጭንቅላቱ ላይ ደፋው። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ ችሎት ላይ ባርኔጣ መድፋት ማለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማፏጨት ማለት ነው።

የችሎቱ ፖሊስ ዘሎ መጣ። «ጋሼ! ባርኔጣ!»

«የማን ባርኔጣ?»

«የእርስዎ ነዋ!»

«እኔማ የለሁም። ምንም የለም ሲባል አልሰማህም? የሌለ ሰው ባርኔጣ እንዴት ታየህ?»

ከኋላ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ፖሊሱ ዳኛውን አየ። ዳኛው ጆሯቸው ድረስ ቀልተው አንገታቸውን ወረቀቱ ውስጥ ቀበሩ።

ጋሽ ኦዴል ለቨርና ክንዱን ሰጣት። ባርኔጣውን እንደደፋ፣ ቀስ እያለ፣ በመሃል መተላለፊያው ይዟት ወጣ፤ ኬይሊንም ተከተለቻቸው።

«ዛፎቼስ፣ ኦዴል?» አለች ደረጃው ላይ።

«ይግባኝ እንላለን!» አለ ፕሩዊት ከኋላ እየሮጠ።

«አንተ ዝም በል!» አሉት ሦስቱም በአንድ አፍ።